ከመቶ ዘጠና ስምንቱ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለማከብርሽ አክስቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ሥራሽስ፣ ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል? እኔና እማዬ ደህና ነን። ማለቴ፣ ሰው ሲጠይቀን “ደህና ነን” እንላለን። አንቺን ፈጣሪ በጤና ያቆይልን።

ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ እንዳልጠይቅሽ ቤታችን ያለው ስልክ አንድ ነው። የእማዬ ጆሮ በፋብሪካው ማሽን ስለደነዘዘ ደግሞ ሁልጊዜ ድምፁን ለቃ ነው የምታወራው። ባለፈው አንቺ “ክብደትሽ እንዴት ሆነ?” ስትያት ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን “ቀንሳለች!” ብላ መልሳልሽ የለ? ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ።

ጥያቄዬ የትምህርት ነው። በጥር የመግቢያ ፈተና አለብኝ። ከሂሳብና ከቋንቋ ሌላ ምክንያታዊ አስተሳሰብ የሚባል ክፍል አለው። አጭር ክርክር ይሰጡሽና “የክርክሩ ስህተት የቱ ነው?” ይሉሻል። የሚያስተምረን መምህር በየዓረፍተ ነገሩ “ስለዚህ” ስለሚል ስሙን ረስተን መምህር ስለዚህ ብለነዋል። ራሱም ያውቃል። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሳይጽፈው ቢቀር አንዱ ልጅ ተነስቶ ጻፈለት።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸውልሽ፦ “አንድ የደም ምርመራ፣ በሽታው ካለባቸው መቶ ሰዎች ዘጠናውን ‘አለባችሁ’ ይላል። ስለዚህ ምርመራው ‘አለባችሁ’ ካላቸው መቶ ሰዎች ዘጠናው በሽታው አለባቸው። የዚህ ክርክር ስህተት የቱ ነው?” እኔ “የተመረመሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው” የሚለውን “ሀ”ን መረጥኩ። መልሱ “መ” ነበር። መምህር ስለዚህ “ስለዚህ መ ነው” ብሎ አለፈ።

አክስቴ፣ ጉራ አይሁንብኝና ከአርባ ጥያቄ ሁለት ብስት ነው። ምርመራ ያለባቸውን አምስት ጥያቄዎች ግን አምስቱንም ሳትኩ። ጽሑፉ ላይ “ታማሚ” የሚል ቃል ሳይ የቀረውን ሳላነብ “ሀ”ን አከብባለሁ። መምህሩ “አንተ ልጅ፣ ታማሚ ሲመጣ ምን ይነካሃል?” አለኝ። ከፋሲካ ወዲህ ምን እንደነካኝ መላው ክፍል ያውቃል፤ እሱ አዲስ ነው።

አንቺ ሃያ ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ኖረሻል። “መ” ለምን እንደሆነ አስረጂኝ።

አንድ ሌላም አለኝ። ምርመራው “የለብህም” ሲልስ? ያን ጊዜ ስህተቱ የት ነው የሚደበቀው? ይኼም ለፈተናው ነው።

አክባሪሽ፣ ዳኛው


ጥቅምት 25

ለውድ ዳኛው፤

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ በሩ ላይ ቆሜ ከነጓንቴ ነው ያነበብኩት። እግዚአብሔር አንተንም እናትህንም ይጠብቅልኝ፤ የሄደችብንን የእህትህንም ነፍስ በደግ ቦታ ያኑርልን። በእጅ የተጻፈ ነገር ካነበብኩ ቆየሁ። እኔ ዘንድ የሚመጣው ሁሉ ተለጥፎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በብልቃጥ ነው። (እናንተ “ብልቃጥ” ብላችሁ እንደምትጠሩኝ የማላውቅ እንዳይመስልህ። ስሙን ያወጣችልኝ አንተን “ዳኛው” ያለችህ እናትህ ናት፤ በልጅነቴ የመድኃኒት ጠርሙስ እሰበስብ ነበር።)

ጥያቄህ ቀላል ነው፤ ያስቸገረህ ከታማሚ ስለጀመርክ ነው። ከሌባ ጀምር። ከመቶ ሌቦች ዘጠናው ኮፍያ ያደርጋሉ እንበል። ታዲያ ኮፍያ ካደረጉ መቶ ሰዎች ዘጠናው ሌቦች ናቸው? እንደዚያማ ከሆነ እዚህ አገር ሁላችንም ወህኒ ነን፤ በዚህ ብርድ እኔ ራሴ ሁለት ደርቤ ነው የምወጣው። “ከታመሙት ውስጥ ስንቱ ተያዘ?” እና “ከተያዙት ውስጥ ስንቱ ታሟል?” አንድ ጥያቄ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ሁለተኛውን ለመመለስ ሌላ ሁለት ነገር ማወቅ አለብህ፦ ምርመራው ጤነኛውን በስህተት ስንቴ ይይዛል? ከተመረመሩትስ ስንቱ ነው የታመመው? ክርክሩ እነዚህን ሳይነግርህ ዘሎ ደመደመ። “መ” የሚለው ይኼንኑ ነው።

የሥራ ባልደረቦቼን አስቸግሬ አሥር የመለማመጃ ጥያቄ አዘጋጅቼ ልኬልሃለሁ። ሦስተኛው አሳሳች ነው፤ ሐኪሞቹም ይወድቁበታል፤ ሲወድቁ ማየት ደስ ይለኛል።

እናትህ ምግብ ትበላለች? እውነቱን ጻፍልኝ። እሷ በስልክ “እበላለሁ” ትለኛለች፤ ጎረቤታችሁ ግን ዝም ብላለች።

ፈረቃዬ ደረሰ፤ በዚሁ ላብቃ።

የምትወድህ አክስትህ


ኅዳር 5

ይድረስ ለውድ አክስቴ፤

ሰላምና ጤና ለአንቺ ይሁን። ሌባና ኮፍያው ገብቶኛል። ለክፍሉም አስረዳሁ፤ መምህር ስለዚህ ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። አሥሩን ጥያቄዎች ሠርቼ አንዱን ብቻ ሳትኩ፤ ሦስተኛውን። ሁለተኛውን ጥያቄዬን ግን አልመለስሽልኝም።

አሁን የምጽፍልሽ በሌላ ነገር ነው። የእማዬ ፋብሪካ የእህቴን የእታለምን ነገር ከሰማ ወዲህ አስተዳደሩ ፈርቶ ሠራተኛውን ሁሉ አስመረመረ። እሷን የወሰዳት ያው የጉበት በሽታ፣ ያው ከጣት በምትወሰድ ጠብታ የሚደረገው ምርመራ። ወደ አንድ ሺህ ሴት ተሰልፋ ጣቷን ሰጠች። ከሦስት ቀን በኋላ የሃያ ዘጠኝ ሴቶች ስም ተጠራ። የእማዬ አሥራ አራተኛ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ቤት አይመስልም። እማዬ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ጓዳውን ማስተካከል ጀመረች። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ አሳየችኝ። ሸሚዝ እንዴት እንደሚተኮስ፣ ሩዝ ስንት ውሃ እንደሚፈልግ አስተማረችኝ። “አውቃለሁ” ስላት “እንደገና እወቅ” ትለኛለች። የእታለምን ጫማዎች ለጎረቤታችን ልጅ ሰጠቻት፤ የልጅቱ ኮቴ ከግድግዳው ወዲያ ሲሰማ ሁለታችንም ቀና እንላለን። እንቀመጣለን፣ እንነሳለን። ወንበሮቹ የሚፋጁ ይመስላሉ።

ክሊኒኩ ለሃያ ዘጠኙ ሴቶች ሌላ ምርመራ አዘጋጅቷል፤ ከክንድ ደም ተወስዶ ነው። እስከ ታኅሣሥ 25 ያልሄደች ሥራ አትገባም። እማዬ አልሄድም አለች።

“ዘጠና ስምንት ከመቶ ትክክል ነው ብለውናል። ምን ቀረኝ?”

“እማዬ፣ ኮፍያ ያደረገ ሁሉ ሌባ አይደለም” አልኳት።

“ምን አባቱ ኮፍያ አመጣው?” አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እሷ ድምፅ ዝቅ ማድረግ እንደማትችል ታውቂያለሽ፣ “ልጄን ነፃ ነሽ ብለው፣ ‘ተመለሺ’ እንኳ ሳይሏት የሸኙ ሰዎች እጅ ዳግመኛ አልገባም” አለችኝ።

እኔ ጋ ያለውን የምርመራውን ወረቀት ቃል በቃል ልገልብጥልሽ። “በሽታው ከሌለባቸው 100 ሰዎች 98ቱን የለባችሁም ይላል። በሽታው ካለባቸው 100 ሰዎች 70ውን ያገኛል። ድካም ከቀጠለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለሱ።” ይኼ ነው።

እማዬ ምን ያህል ታማ ሊሆን ይችላል? ቁጥሩን ንገሪኝ። ሁለተኛውንም ጥያቄዬን አትርሺው።

ልጅሽ፣ ዳኛው


ኅዳር 19

ለውድ አክስቴ፤

እንደምን አለሽ? ሁለት ጊዜ ከሱቅ ደወልኩ፤ አላነሳሽም። ሦስተኛው ላይ ባለሱቁ “ፍቅረኛህ ናት እንዴ?” አለኝ። “አክስቴ ናት” ስለው “አክስት እንኳ ታነሳለች” አለ።

ከሃያ ዘጠኙ አሥራ ሁለቱ ሄደው ተመርምረዋል። ውጤታቸውን የሚያወራ የለም። የሄዱትም ያልሄዱትም ሥራ ላይ ሰው ስለሚሸሻቸው በየወንበሩ ለብቻቸው እንደሚቀመጡ ነው እማዬ የነገረችኝ። “ሰፊ ወንበር አገኘን” አለች። ቀልዷ ነው።

የምልሽ፣ እባክሽ ፈጥነሽ ጻፊልኝ። ፈተናው እንኳን ይቅርብኝ።

ዳኛው


ኅዳር 28

ለምወድህ ልጄ፤

እግዚአብሔር ከመቸኮልም ከመዘግየትም ይጠብቀን። ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። ሁለት ሰው ታሞብን እጥፍ ፈረቃ ስሠራ ነበር ብዬ ብጽፍልህ እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። መጀመሪያ እናትህ።

ወረቀት አውጣ። ሺህ ሠራተኛ። ምንም ሳያማቸው በዘመቻ ከተመረመሩ ሺህ ሰዎች አሥሩ በሽታው አለባቸው እንበል። ምርመራው ከመቶ ሰባውን ስለሚያገኝ ከአሥሩ ሰባቱን ያገኛል፤ ሦስቱ ያመልጡታል። የቀሩት ዘጠኝ መቶ ዘጠና ጤነኞች ናቸው። ከእነሱ ከመቶው ሁለቱን በስህተት ይይዛል፤ ወደ ሃያ ሰው ነው። ሰባትና ሃያ ሃያ ሰባት። የእናንተ ፋብሪካ ስንት ጠራ? ሃያ ዘጠኝ። አየህ? ቁጥሩ ራሱ እየነገረህ ነው። ከተጠሩት ውስጥ በእርግጥ የታመሙት ሰባት ወይም ስምንት ቢሆኑ ነው፤ ከአራት አንድ ገደማ።

አሁን ደስ ብሎህ ከመዝለልህ በፊት ቁጭ በል። እናትህ እንደሌሎቹ አይደለችም። ቤቷ ውስጥ ታማሚ ነበር፤ አጥባታለች፣ አስታማታለች። ስለዚህ የእሷ ከአራት አንድ ሊበልጥ ይችላል። በምን ያህል? አላውቅም። አላውቅም ማለት ያስከፍለናል መሰለህ፤ እኛ ሥራ ላይ በቀን መቶ ጊዜ እንላለን። “በሽታው የለም” ብለን ጽፈን አናውቅም። “አልተገኘም” ነው የምንጽፈው። ለዚህ ነው ሁለተኛው ምርመራ ያለው። ቁጥር ይዘህ አታግባባት። እጇን ይዘህ ውሰዳት።

ሁለተኛውን ጥያቄህን አልረሳሁትም። ሦስት ጊዜ ጠየቅከኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ “ለፈተናው ነው” ለማለት ያህል ትጽፈዋለህ። እናትህ ትሂድና እንነጋገራለን።

አክስትህ


ታኅሣሥ 7

ይድረስ ለአክስቴ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። እንደነገርሽኝ ቁጥሩን ትቼ እጇን ልይዝ ሞከርኩ። እጇን ቀማችኝ። ከዚያ ቁጥሩን ነገርኳት። “ከአራቱ ሦስቱ ጤነኞች ናቸው” ስላት “አራተኛዋ የማን እናት ናት?” አለችኝ።

ማክሰኞ ዕለት መነጽሯን ቤት ረስታ ሄደች። ይዤላት ሄድኩ። ዘበኛው ሥራ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ እንድጠብቅ ፈቀደልኝ። እማዬን ሥራ ላይ አይቻት አላውቅም ነበር። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሸሚዝ ይመጣላታል፤ አንገቱን፣ እጅጌውን፣ ቁልፎቹን በጣቷ ታይና ወይ ወደፊት ትገፋዋለች ወይ ከጎኗ ወዳለው ቅርጫት ትጥለዋለች። እስከ አርባ ብቆጥር አንዱ ያልቃል። ቅርጫቱ ሲሞላ አንዲት ሴት መብራት ያለበት ሌላ ጠረጴዛ ላይ ወስዳ አንድ በአንድ ትዘረጋዋለች። ብዙውን አጣጥፋ መልሳ ከጥሩዎቹ ላይ ትደርበዋለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቅኋት። “ከቅርጫቱ ውስጥ ስንቱ ነው በእውነት የተበላሸው?”

“ከአሥር ሁለት፣ ሲበዛ ሦስት።”

“ታዲያ ለምን ትጥይዋለሽ?”

“እኔ ጊዜ የለኝማ! ተጠራጠርኩ፣ ጣልኩ። አጣርቶ ማየት የባለመብራቷ ሥራ ነው። ቅርጫት ውስጥ የገባ ሁሉ ቢቃጠል ፋብሪካው በሳምንት ይዘጋ ነበር።”

“እማዬ፣ አንቺም እኮ ቅርጫት ውስጥ ነው የገባሽው። መብራቱ ጋ አልደረስሽም።”

መንገዱ መሀል ቆመች። ባለጋሪ ሰደበን። እማዬ አልሰማችውም ወይም የሰማች አልመሰለችም። ፊቷ ሲፈታ አየሁት አክስቴ፣ ከስንት ወር በኋላ። ልትሄድ ነው ብዬ ነበር። ግን የእማዬ ጭንቅላት አንድ ቦታ አይቆምም።

“በእኔ እጅ አልፎ ከደንበኛ ተበላሽቶ የሚመለስም አለ” አለች። “ጥሩ ነው ብዬ የገፋሁት። እህትህ እንደዚያ ናት?”

“እ… ሊሆን ይችላል።”

“እንግዲያው እሷን ለምን ወደ መብራቱ አልወሰዷትም? ለምን አንድ ሰው ‘ተመለሺ’ አላላትም? እንዲህ ዓይነት ሰዎች ናቸው እኔን የሚያዩኝ? አልሄድም። ሞቼ እገኛለሁ።”

እስከ ቤት አንድ እርምጃ ከኋላዋ ተከተልኳት።

አሁን ለፈተና አይደለም የምጽፈው። ቁጥሩን ራሴ ሠርቼዋለሁ። ደክሟቸው፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ወደ ክሊኒክ ከሚሄዱ መቶ ሰዎች አምሳው ታማሚዎች ናቸው እንበል። ምርመራው ሠላሳ አምስቱን ያገኛል፤ አሥራ አምስቱ ያመልጡታል። ከአምሳዎቹ ጤነኞች አርባ ዘጠኙን “የለባችሁም” ይላል። ስለዚህ “የለባችሁም” ተብለው ከሚሸኙ ስልሳ አራት ሰዎች አሥራ አምስቱ ታመዋል። ከአራት አንድ ገደማ። እማዬን ነፃ የሚያወጣት ቁጥርና እኔን የሚይዘኝ ቁጥር አንድ ሆነው አረፉት።

እታለም ወረቀቱን ይዛ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። መልመጃ እየሠራሁ ነበር። “ዳኛው፣ ፍረድ። ልመለስ ወይስ ልተኛ?” አለችኝ። ወረቀቱን ወሰድኩ። የመጀመሪያውን መስመር አየሁ፤ ዘጠና ስምንት። ሁለተኛውን አላነበብኩትም። ሦስተኛውን አይቼዋለሁ። “ይመለሱ” የሚለውን አይቼዋለሁ አክስቴ። “ዘጠና ስምንት ከመቶ ነፃ ነሽ። ይኼ ሌላ ነገር ሳይሆን ስንፍና ነው” አልኳት። ሳቀች። በትራሴ ጭንቅላቴን መታችኝ። እየሳቀች ሄዳ ተኛች። ተመለሺ ብለዋት ነበር። አትመለሺ ያልኳት እኔ ነኝ።

እማዬ የምትጠላው ክሊኒኩን ነው። ይኼን ካልነገርኳት አትሄድም። ከነገርኳት ምን እንደምሆን አላውቅም። ታኅሣሥ 25 አሥራ ስምንት ቀን ቀረው። ምን ላድርግ?

ልጅሽ


ታኅሣሥ 13

ልጄ፤

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ፤ ዛሬ ወደ እናንተ ሰው ሊመጣ ስለሆነ በእጁ እልካለሁ። ሰላምታውን ከልቤ እንዳለ ቁጠርልኝ።

ከመጀመሪያው ደብዳቤህ ጀምሮ አውቅ ነበር። እህትህ በዚያ ሰሞን ጽፋልኝ ነበር። አራት ገጽ ሙሉ፤ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለምትፈልገው ቦርሳ፣ ስላንተ ኩራት። መሀል ላይ “ትንሽ ይደክመኛል፣ ምግብ አያሰኘኝም፤ ተመርምሬ ነፃ ነሽ ተባልኩ፤ እንደገና ነይ ብለውኝ ነበር፤ ዳኛው ግን ተኚ ብሎ ፈርዶልኛል” ይላል። እኔ፣ ሃያ ዓመት በየቀኑ “ምልክቱ ከቀጠለ ይመለስ” እያልኩ የምጽፍ ሴት፣ ያንን አንብቤ ሳቅኩ። “ዳኛው ፈርዶልኛል” የምትለዋ ነች ያሳቀችኝ። ስለ ቦርሳው መለስኩላት። ስለ ድካሙ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ስልክህን ያላነሳሁት ለዚህ ነው። ድምፅህ ሲመጣ ጥያቄው እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሁለተኛውን ጥያቄህን ባየሁ ቁጥር የእሷ ደብዳቤ ካለበት መሳቢያ ራቅ ብዬ ነበር የምቀመጠው።

ይኼን የምነግርህ ሸክምህን ልወስድልህ አይደለም። ሸክም እንዲህ አይከፈልም። አንተ አሥራ ስድስት ዓመትህ ነበር፣ እኔ አርባ አራት። ይኼንንም እንደማጽናኛ አትቁጠረው፤ እውነት ስለሆነ ነው።

እናትህን ንገራት። የእኔንም ንገራት። እኔን ትጠላኝ እንደሁ ትጥላኝ፤ ክሊኒኩን ግን በሐሰት ጠልታ እንዳትቀር።

አክስትህ


ታኅሣሥ 29

ይድረስ ለውድ አክስቴ፤

እንደምን ከረምሽ? እንኳን ለገና አደረሰሽ። ጌታ ልብሽን ያሳርፍልሽ። እኛ አለን።

ነገርኳት። እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጥቁሯን ቀሚሷን እየሰፋች ነበር። ስልኩን ሌላ ክፍል ወስጄ አስቀመጥኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጎረቤታችን እንዳትሰማ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ ከንፈሬን እንድታይ አድርጌ፣ ቀስ እያልኩ ነገርኳት። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ሦስተኛው መስመር፣ “ስንፍና” ስለሚለው ቃል። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ ሰማችኝ።

“ተመለሺ ብለዋት ነበር?”

“ብለዋት ነበር።”

“አንተ አትመለሺ አልካት?”

“አዎ።”

“ስንት ወር ያዝከው?”

“አሥራ አንድ ወር ሊሆነው ነው።”

ተነስታ ሄደች። ማጠቢያው ጋ አንድ ብርጭቆ አጥባ፣ መልሳ አጠበች፣ ደግማ አጠበች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ “እሷስ ማንበብ አትችልም ነበር?” አለች። የማን ጥያቄ እንደሆነ አልገባኝም። ምናልባት ለእታለም ነው የጠየቀችው። ራሷ መለሰችው። “ትችል ነበር። አንተን መጠየቅ ስለቀለላት ነው።”

የአንቺንም ነገርኳት። ስለ ቦርሳው ስደርስ “ገዛችላት?” አለች። “መሰለኝ” አልኩ። “ቀይዋ ናት እንግዲያው” አለችና ክፍሏ ገባች።

ሁለት ቀን በስሜ ጠራችኝ። “ዳኛው” አላለችኝም። ስሜን በእሷ አፍ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ፤ የሌላ ሰው ልጅ የጠራች ይመስል ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። እኔም አልለመንኳትም። ሩዙን ሠራሁ፤ ጨው በዝቶበት ነበር፤ ሁለታችንም በላነው።

ረቡዕ ማለዳ ጫማዋን አድርጋ በሬ ላይ ቆመች። “ተነስ። ሰልፉ ሳይበዛ።”

ክሊኒኩ በር ላይ ከእሷ ጋር ስማቸው የተጠራ ሦስት ሴቶች አገኘን። አንዷ “አንቺም መጣሽ? ሞቼ እገኛለሁ አላልሽም?” አለቻት። እማዬ “ሞቼ እንዳልገኝ ብዬ ነው” አለች። ሳቁ። በሰልፍ ውስጥ ሲሳቅ ሰው ዞሮ አየን። መርማሪው ልጅ እግር ነው፤ ከክንዷ ደም ወሰደ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ኑ አለን። እነዚያን አምስት ቀናት አልነግርሽም። መጽሐፍ ይዤ አንድ ገጽ አልገለጥኩም። እማዬ ያልተበላሸ ሁሉ ስትጠግን ሰነበተች።

ትናንት ሄድን። በመስኮት ወረቀቱን አቀበሉን። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ሳለች “አንብብልኝ” ብላ ሰጠችኝ። መተላለፊያው ላይ ቆሜ ከራስጌው እስከ ግርጌው፣ ቀኑንና የማኅተሙን ጽሑፍ ሳይቀር፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ከመሀሉ ላይ “አልተገኘም” ይላል።

“ነፃ ነኝ ማለት ነው?” አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። “አዎ” ለማለት ምን ያህል እንደቸኮልኩ ልነግርሽ አልችልም። ፊቷ ፊቴ ላይ ነበር። እንዲያው አንዲት ቃል ብትወጣ መላው ሰውነቷ ያርፍ ነበር።

“አላውቅም። ይኼኛው ስንቱ እንደሚያመልጠው አልጻፉበትም። እንጠይቅ።”

“ማንን?”

በሩን አንኳኳሁ። ሰልፉ ተነሳብን። አንዱ “ወንድሜ፣ ወረቀታችሁን ይዛችኋል እኮ!” አለኝ። መርማሪው ቀና ሳይል “ቀጣይ!” አለ።

“ቀጣይ አይደለንም” አልኩት። “ጨርሰናል፤ ጥያቄ አለን። ይኼ ምርመራ አልተገኘም ሲል ስንቴ ይሳሳታል? ቤታችን ውስጥ ሰው ሞቷል፤ አስታማለች። እሱን ቆጥረህ ንገረን።”

እኔን አየኝ፣ ሰልፉን አየ፣ ሰዓቱን አየ። “ረጅም ነገር ነው እኮ” አለ።

እማዬ በአጠገቤ አልፋ ገባች። ማንም ሳይጋብዛት ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

“ንገረን” አለችው። “የዛሬን ከሥራ አስፈቅጃለሁ።”

ልጅሽ